የእናቴ ቁርስ በእኔ ስም

በእኛ ሰፈር ስለ ስኳር በሽታ የማያውቅ ሰው የለም። ችግሩም እሱ ነው። እናቴ ከሚዛን ተፈሪ ሆስፒታል "ስኳር አለብሽ" ተብላ በወጣች ማግስት፣ ኪኒኑን ገና ከፌስታሉ ሳናወጣ ቤታችን በሐኪም ተሞላ። አንዷ "ግራዋ ጨምቀሽ ጠጪ፤ መራራው ጣፋጩን ጠርጎ ያወጣዋል" አለች። ሌላዋ አብሽ በባዶ ሆድ አዘዘች። ሌላዋ ደግሞ "ድንጋጤ ነው፤ ባሏ የሞተ ጊዜ ያልወጣላት ድንጋጤ ነው ወደ ስኳር የተለወጠው" ብላ ስንት ዓመት አፈር የተጫነውን አባቴን ከሰሰችው። ሁሉም አዘዘ። "ሐኪሙስ ምን አለሽ?" ብሎ የጠየቀ ግን አንድ ሰው አልነበረም።

ሐኪም ቤት የተባለውን የሰማሁት እኔ ነኝ። እናቴ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ወለሉን ነበር የምታየው፤ ልክ ሰርቃ እንደተያዘች። ነርሷ ሁለት ዓይነት ኪኒን ሰጠችን። ትንሿ ነጭ ጠዋት ትዋጣለች፤ ብዙም ሳይቆይ ቁርስ ይበላል። ትልቋ ከምግብ በኋላ ናት።

"ትንሿን ውጠሽ ሳትበዪ እንዳትውዪ" አለች ነርሷ። "ኪኒኗ ስኳሩን ታወርዳለች። ሆድሽ ውስጥ ምንም ካላገኘች አንቺንም ይዛሽ ትወርዳለች።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ካላባት፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ነገር ከተምታታባት ጊዜ አታጥፊ። እየዋጠች እስከሆነ ድረስ ጣፋጭ ነገር አፏ ውስጥ ጨምሪ።"

ቀጥላ የእናቴን ግራ እግር አነሳች። ውስጥ እግሯ ላይ ቦት ጫማ የላጣት ትንሽ ቁስል ነበረች። ክረምቱ አልፎ በጋው ገብቶ እንኳ አልድን ብላ ነበር። "ይቺ እግር እንድትቆይ ከፈለጋችሁ ስኳሩ መውረድ አለበት። ቀልድ የለውም" አለች። እናቴ ያን ጊዜ ብቻ ቀና አለች። ቅመም በምትሸጥበት ገበያ ከእሷ ፊት ለፊት ማር የሚሸጥ ሰውዬ ነበር፤ በዚሁ በሽታ ጅማ ወስደው እግሩን ቆርጠውታል። ከተመለሰ በኋላ ብዙም አልቆየ፤ ቀበርነው። ሁለታችንም እሱን እያሰብን ወጣን።

ምግቡ ሌላ ጣጣ ነበር። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የስኳር በሽተኛ ምን እንደሚበላ የሚያሳይ ሥዕል ተለጥፏል። ዓሣ አለ፣ ሰላጣ አለ፣ ከመጽሐፍ ውጭ አይቼው የማላውቀው አፕል አለ። ጎደሬ የለም። ሙዝ የለም። ቆጮ የለም። የእኛ ጓሮ ደግሞ ጎደሬና ሙዝ ነው። ሚዛን ውስጥ የማን ጓሮ ሌላ ነገር አለው? "ጎደሬ ትብላ አትብላ?" ብዬ ስጠይቅ ነርሷ፣ ከመጣች ወር ያልሞላት፣ "ጎደሬ ምንድን ነው?" ብላ እኔኑ ጠየቀችኝ። ካስረዳኋት በኋላ "እንግዲህ ጤፍ ይሻላል" አለች። ጤፍ እኛ አገር በመኪና ተጭኖ ነው የሚመጣው። "ይሻላል" ማለት ለሚናገር ሰው ቀላል ነው።

ስለዚህ ራሴ ሞከርኩ። ጎደሬውን አሳነስኩ፣ ጎመኑን ቆለልኩ፣ ባቄላ ጨመርኩበት። ሙዙን ለሁለት ቆርጬ ግማሹን ዓይኗ እያየ በላሁባት። ሻይ ያለ ስኳር አስለመድኳት። "እስረኛ ነው እንዴ የምትቀልቢው?" እያለች ጠጣችው። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ቤት የተቀመጥኩበት ጊዜ ነው፤ ሥራ አልነበረኝም። እሷን መጠበቅ ሥራዬ ሆነ። እግሬ ግን መቼም አንድ ቦታ መቀመጥ አይወድም። መናኸሪያው አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር አንዱ መኪና ላይ ዘልዬ ልወጣ ይቃጣኝ ነበር።

ቤት ውስጥ ያስተካከልኩትን ሰው ውጭ ያበላሽብኝ ነበር። "በሞቴ" የሚባል ነገር አለ። "በሞቴ ይቺን ብቻ!" ይላሉ፤ እንጀራውን ጠቅልለው አፏ ድረስ ይዘው ይቆማሉ። እምቢ ብትል ሞታቸውን እንደመረጠች ይቆጠርባታል። አንዷን ተቀብላ ሁለተኛዋን ብትተው ደግሞ "አንድ ጉርሻ ያጣላል" ነው። ለቅሶ ቤት በሞቴ፣ ክርስትና ቤት በሞቴ። ፍቅር ነው ይላሉ። እግሯ ሲቆረጥ ፍቅሩ ምን እንደሚያደርግላት ግን አይነግሩኝም።

ታላቅ እህቷ ከጌጫ ልትጠይቃት ስትመጣ ነጭ ማር በጀሪካን ሙሉ ይዛ መጣች።

"እቴቴ፣ ስኳር አለባት እኮ" አልኳት።

"ሰማሁ እንጂ። ስኳር ነው የተከለከለችው። ማር ተከልክላለች?"

"ማርም ያው ነው።"

"ማን ነው ያው ያደረገው? ስኳርን ፋብሪካ ነው የሚሠራው። ይሄን የሠራው ንብ ነው። ንብ በሽታ ሲያመጣ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"ሲነድፍ አይቻለሁ።"

"አፏን! አፏን ተመልከቱልኝ! ይቺን ልጅ ማን ነው ያሳደጋት?"

ያሳደገችኝ እናቴ ከት ብላ ሳቀችና እኔ ከማገዷ በፊት አንድ ማንኪያ ሙሉ ላሰች። አክስቴ በሄደች ማግስት ጀሪካኑን ገበያ አውጥቼ ሸጥኩት። እስከ ዛሬ ቂም ይዛብኛለች፤ ትያዝ።

ይሄ ሁሉ ግን ከጾሙ ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነበር።

የእናቴ አባትና እናት ከወሎ የመጡ ናቸው። እሷ የተወለደችው እዚሁ ነው፤ ጾሙን ግን ከእነሱ ሳታጎድል ወርሳዋለች። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታ፣ የገና ጾም፣ ሌላው ሰው ቀለል የሚያደርገውን ሁሉ እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳትቀምስ ትውላለች። ገበያ ኮረሪማና ጥምዝ ትሸጣለች። ከቱም የሚመጡ ነጋዴዎች ቅመማቸውን ሳይመዝኑ እሷ ዘንድ አራግፈው ይሄዳሉ። "ጾመኛ ናት" ይላሉ፤ በቃ። መደቧን የሚጋፋ የለም። ጾሟ ሃይማኖቷም ነው፣ ስሟም ነው፣ እንጀራዋም ነው። ይሄ ይገባኛል። ቢገባኝም ያናድደኛል።

ፍልሰታ ሲቃረብ "ዘንድሮ አትጾሚም" አልኳት። ኪኒኑን ከዋጠች መብላት አለባት፤ ሌላ መንገድ የለውም። እሷ ግን መፍትሔ ማግኘቷን ነገረችኝ። መፍትሔውን የሰጠቻት ጎረቤታችን ናት፤ የሴቶቹን ማኅበር የምታስተባብር፣ ግድግዳችን አንድ የሆነ፣ እዚያ ስታነጥስ እኛ እዚህ "ይማርሽ" የምንላት ሴትዮ። "ኪኒን ምግብ አይደለም፤ ጾም አይገድፍም" ብላታለች። ስለዚህ እናቴ ኪኒኗን ጠዋት በትንሽ ውሃ ትውጣለች፣ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ትጾማለች። ሐኪሙም አልተቀየመ፣ ጾሙም አልፈረሰ። እንዲህ ነው ያሰቡት! በዓለም ላይ ካሉት መንገዶች ሁሉ የከፋውን ፈልገው አገኙት። ኪኒኑንም ብትተወው ይሻል ነበር ማለት ይቻላል። ጮህኩ፣ ለመንኩ፣ ኪኒኑን ደበቅኩ። አግኝታ ዋጠች።

ፍልሰታ በገባ በሳምንቱ ግድም ሰፈራችን ውስጥ ሽማግሌ ሞተው ድንኳን ተተከለ። ዝናቡ በሸራው ላይ እየዘነበ፣ ሴቶቹ ከውስጥ ተቀምጠዋል። እኔ ቤት ነበርኩ። አንዲት ልጅ እየሮጠች መጥታ "እናትሽ ሰው እየሰደበች ነው" አለችኝ። እናቴ? እናቴ ውሻ እንኳ አትሰድብም። ባዶ እግሬን ሮጥኩ።

ስደርስ ጭቃ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋ ወርዷል። ፊቷ በላብ ታጥቧል፤ በዚያ ብርድ። ጎረቤታችንን በጣቷ እየጠቆመች "ይቺ ሌባ! ኮረሪማዬን መልሺ!" ትላለች፤ ምላሷ ግን ተሳስሯል። ሴቶቹ ከበዋታል።

"ሰፍሮባታል" አለች አንዷ።

"ጠበል አምጡ! ፊቷ ላይ ርጩባት!"

"ስኳር ስጡኝ!" አልኩ። ለለቀስተኛው ከዘጠኝ በኋላ ሻይ ሊፈላ ስኳሩ በትሪ ተዘጋጅቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እጄን ስዘረጋ ጎረቤታችን አንጓዬን ያዘችኝ።

"ልትገድያት ነው? የስኳር በሽተኛ ስኳር ይሰጣታል?"

"እትዬ፣ ይልቀቁኝ። ስኳሩ ወርዶባት ነው።"

"ወረደላት እንጂ ወረደባት ይባላል? እንዲወርድ አይደል እንዴ ኪኒን የምትውጠው?"

"ይልቀቁኝ አልኩ!"

"በዚያ ላይ ፍልሰታ ነው! ገና ዘጠኝ መች ሆነ!"

መነጨቅኳት። ትሪው ተገለበጠ። የቻልኩትን ያህል ስኳር አፍሼ ከሸራው በሚወርደው ውሃ ባራስኩት ጣቴ የእናቴ ከንፈርና ድድ ላይ አሸሁት። ጥርሷን ነከሰችብኝ። እንደገና አደረግኩት። መዋጥ ስትጀምር በብርጭቆ በጥብጬ ቀስ እያልኩ አጠጣኋት። አንዷ ጀርባዬን በጡጫ እየመታች "ተዪያት!" ትላለች፤ ሌሎቹ ደግሞ በላይ በላዩ ጠበሉን ይረጩብናል። ሁለታችንም ከላይ እስከ ታች ራስን።

ጥቂት ቆይቶ ላቡ አቆመ። ዓይኗ ሰው አየ። "ምን ሆኜ ነው እዚህ የተቀመጥኩት?" አለች።

እልልታው ቀለጠ። "ጠበሉ ነው! ጠበሉ ለቀቃት!" ተባለ። እኔ እዚያው በጉልበቴ ተንበርክኬ ስኳር የተጣበቀበትን እጄን ይዤ እመለከታቸዋለሁ። እናቴ ምላሷን ከንፈሯ ላይ አዞረች።

"ምንድን ነው አፌ ውስጥ የጨመርሽው?"

"ስኳር።"

"ስንት ሰዓት ነው?"

ድንኳኑን ቃኘች፤ ሴቶቹን ቃኘች፤ ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች። ከሞት ስለተረፈች እንዳይመስላችሁ። ጾሟ ስለፈረሰ ነው።

በማግስቱ የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄድኩ። ዝናቡ አላባራም። ቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ከጣሪያው ሥር ቆመው አገኘኋቸው። መስቀል ተሳልሜ ሳልጨርስ ነገሩን አወረድኩት፤ ድምፄም ከፍ ሳይል አይቀርም።

"አባ፣ ይፍቱልኝ። ካልፈቱልኝ በዚህ ጾም ትሞታለች። ያን ጊዜ እርስዎ ነዎት የሚጠየቁት።"

በትዕግሥት አዳመጡኝ። ከዚያ ግራ በመጋባት ዓይን አዩኝ። "ልጄ፣ እኔ እኮ ነግሬያታለሁ። ፍልሰታ ሳይገባ መጥታ ጠይቃኝ፣ ሕመምተኛ ስለሆንሽ ጠዋት ብዪና ኪኒንሽን ዋጪ፣ ከጾም ምግቡ አትውጪ እንጂ በሰዓቱ አትጨነቂ ብያታለሁ። አልነገረችሽም?"

አልነገረችኝም። ማንም አልከለከላትም ነበር ማለት ነው። ሐኪሙ ብዪ ብሏታል፣ ቄሱ ብዪ ብለዋታል፣ እኔ ብዪ ብያታለሁ። ያን ሁሉ ጭቃ ረግጬ ቤት እስክደርስ ልቤ እንደ ድስት ሲንተከተክ ነበር።

"ዋሸሽኝ" አልኳት ከበሩ ላይ ሆኜ።

አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ነበር። ምን እንዳወቅኩ ወዲያው ገባት። "ቀስ ብለሽ ተናገሪ፤ ግድግዳው ይሰማል።"

"ይስማ! ቄሱ ፈቅደውልሻል!"

"ቄሱ ፈቀዱልኝ ብዬ በየሰዉ ቤት እየዞርኩ ላውጅ? 'ታምሜያለሁ፣ ተፈትቶልኛል' ያለችውን ሁሉ ምን እንደሚሏት አታውቂም? እኔ ራሴ ስንቷን አምቻለሁ።" ቀጥላ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፦ "እግዜር የሚያውቀውን እግዜር ያውቃል። እኔ የምፈራው እሱን አይደለም።"

ያን ያህል በሐቅ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። እውነት በመናገሯ ደግሞ የባሰ ተናደድኩ። በመጨረሻ የተስማማንበት ነገር ቢኖር፣ ማንም ካላየ ትበላለች። ጓዳ፣ በሩ ተዘግቶ።

ሰው እንዳያይ ማድረግ ይቻላል። ሽታን ግን ማን ይዘጋዋል? በነጋታው ጠዋት ሽንኩርት ጣል አድርጌ ሽሮ ስሠራ ጎረቤታችን ከግድግዳው ማዶ ሁለት ጊዜ አሳለች። ወዲያው በራችን ላይ ነበረች።

"እንዴት አደራችሁ? ማን ነው በፍልሰታ በጠዋት የሚቁላላው?"

እናቴ ጓዳ ውስጥ ናት። ሳህኑ ጉልበቷ ላይ ነው፤ ከቆምኩበት ይታየኛል። ማላመጧን አቆመች፣ ዋጠች፣ ከዚያ ድምፅዋን አጥርታ ከዚያው ሆና መለሰች።

"ልጅቷ ናት። ምን ላድርጋት? የዛሬ ልጅ!"

ጭልፋውን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። ጎረቤታችን ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ፤ ከትናንት ወዲያ በዚያ ድንኳን ስኳር ያበላሁት እኔ ነኛ፤ ነገሩ ሁሉ ገጠመላት። ጓዳው ውስጥ የእናቴ እጅ ሳህኑ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ እኔን ይጠብቃል። አይደለሁም ካልኩ ሳህኑ ሳያልቅ ይቀራል። ይሄ ሁሉ አንድ ጊዜ ገባኝ።

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አልኩ። "ርቦኝ ነው።"

"ርቦኝ! ይባላል? እናትሽ ታማ እየጾመች፣ አንቺ ጎረምሳ የምታክይ እየገደፍሽ?"

"አዎ እትዬ። ይቅመሱ?"

አማትባ ወጣች። እናቴ መብላቷን ቀጠለች። ጨርሳ ሳህኑን ስታቀብለኝ ዓይኔን አላየችም። "ጨው ይጎድለዋል" ብቻ አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጾም ገዳፊዋ እኔ ሆንኩ። ፍልሰታ ብቻ መስሎኝ ነበር። ግን ጾም መች ያልቃል? ረቡዕ በየሳምንቱ አለ፣ ዓርብ በየሳምንቱ አለ። ቦኖ ውሃ ልቀዳ ስሄድ ወሬ ይቆማል። ልጆች "ገዳፊት!" ብለው ይሮጣሉ፤ አንዱን ይዤ ጆሮውን ጠምዝዣለሁ፣ አልጸጸትም። ለልጇ ስታስበኝ የነበረች አንዲት ሴትዮ "ጾም ያልያዘች ቤት ትይዛለች?" ማለቷን ሰማሁ። ልጁን ፈልጌው አይደለም፤ ቀድሞም አፍንጫውን አልወደው። ግን እኔ ልተወው ነበር እንጂ እሷ እንድትነፍገኝ አልነበረም። ከሁሉም የሚያቃጥለኝ ደግሞ እኔ ረቡዕና ዓርብን እጾም ነበር። እናቴን አብልቼ፣ ሳህን አጥቤ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ምንም ሳልቀምስ እውላለሁ። በእልህ ነው መሰለኝ። ማን ያምነኛል?

እሷ ግን በላች። ይሄንን መካድ አልችልም። ሁለቱንም ኪኒን በሰዓታቸው ዋጠች፣ ጎመኑን በላች፣ ጎደሬው ሲያንስ ተቆጣችና በላች። ያቺ ቁስል ቀስ በቀስ ከጫፎቿ መሰብሰብ ጀመረች፤ ዳነች። ዐቢይ ጾም ተፈትቶ ሆስፒታል ስንሄድ ነርሷ ጣቷን ወግታ አይታ ፈገግ አለች።

"ጎበዝ እናት! በጣም ወርዷል። ምን አድርገሽ ነው?"

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። "እግዜር ይመስገን" አለች። "ጾሙም ረድቶኝ ነው።"

ጾሙ! እዚያው ወንበሩ ላይ ልፈነዳ ነበር። ነርሷ ደግሞ "እንዴ፣ ጾመሽ ነበር?" ብላ መገሠጽ ስትጀምር፣ እናቴ ፈጠን ብላ "በልቼ ነው፣ በልቼ" አለች በሹክሹክታ፤ ወረፋ የያዙት እንዳይሰሟት። እኔ ቀድሜ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ደረሰችብኝ። እግሯ ድኗል፤ በደንብ ትራመዳለች።

"ምን አኮረፈሽ?"

"በእኔ ስም በልተሽ በእግዜር ስም ታመሰግኛለሽ። ለአንዷ፣ ለአንዷ ብቻ እንኳ እውነቱን ንገሪያት።"

"አንቺ ወጣት ነሽ። ነገ አግብተሽ ወይ ሥራ ይዘሽ ትሄጃለሽ፤ ስምሽን እዚያ ትሠሪዋለሽ። እኔ ከዚህ ወዴት እሄዳለሁ?" ቆም አለች። "ብዪ ብለሽ ስትጨቀጭቂኝ ከረምሽ። በላሁልሽ። ደግሞ ምን ትፈልጊያለሽ?"

ቀድሜያት ሄድኩ፤ ንዴቴ ግን ቤት እስክንደርስም አልበረደም።

ክረምቱ አልፎ ቡና ሊለቀም ሲደርስ ቴፒ አካባቢ እሸት ቡና በሚረከብ ጣቢያ የጸሐፊነት ሥራ አገኘሁ። የገና ጾም ሊገባ ነው። ሥራውን ልቀበል አልቀበል ብዬ አንድም ደቂቃ አላሰብኩም፤ መናኸሪያው ስንት ዓመት ጠርቶኛል። ሻንጣዬን ስዘጋ ግን እናቴ ልብሴን እያጠፈች ስታቀብለኝ እጇን ያዝኳት።

"እኔ ስሄድ በማን ስም ልትበዪ ነው?"

"እሱን ለእኔ ተዪው።"

"ለአንቺ ትቼው አየሁት እኮ። ድንኳን ውስጥ።"

እጇን አስለቅቃ ማጠፏን ቀጠለች። መኪናው ላይ ወጥቼ እንኳ እቀራለሁ ወይስ እሄዳለሁ የሚለው አልለቀቀኝም። ብቀር በየጠዋቱ ትበላለች። ብሄድ ኪኒኗን ውጣ ገበያ ትወጣለች፤ አንድ ቀን ኮረሪማዋ ላይ ትደፋለች፤ ሴቶቹም ጠበል ይረጩባታል፤ ስኳሩን የሚያነሳ አይኖርም። መኪናው ተነሳ። ሄድኩ።

ቴፒ እንደገባሁ በየጠዋቱ መደወል ጀመርኩ። አንድ አሮጌ ሞባይል ገዝቼላት ነበር። "በላሽ?" እላታለሁ። "በላሁ" ትለኛለች። እውነቷን ይሁን ውሸቷን በምን አውቃለሁ? ዋሽታኝ ታውቃለች። ስለዚህ አንድ ዓርብ ጠዋት "እየበላሽ አናግሪኝ፤ ስታላምጪ ልስማ" አልኳት። "አብደሻል" አለች። ግን ስልኩን አጠገቧ አስቀምጣ ሳህኑን ስታነሳ ሰማሁ።

ጥቂት እንደቆየች በሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። ከዚያ የጎረቤታችን ድምፅ፣ ጥርት ብሎ፣ ጓዳው ውስጥ።

"እንዴት አደር… ምንድን ነው ይሄ?"

በስልኩ ውስጥ የዝናብ ድምፅ ብቻ። እኔ ቴፒ፣ በቡና ከረጢት ተከብቤ፣ ትንፋሼን ይዣለሁ። በዚያ ቤት ከእሷ ሌላ ሰው የለም። ሳህኑ እጇ ላይ ነው።

"ምን ላድርግ ብለሽ ነው እህቴ?" አለች እናቴ። "ያቺ ልጅ ገዝታኝ ሄደች።"

"ምን? ገዝታኝ?"

"በማርያም ብላ። ጠዋት ሳትበዪ ኪኒን ብትውጪ ቁመሽ ቅበሪኝ ብላ፤ እዚህች በር ላይ ቆማ።"

እኔ? እኔ አንድም ቀን በማርያም ገዝቼ አላውቅም። ለመንኩ፣ ጮህኩ፣ ኪኒን ደበቅኩ፤ ግዝት ግን ከአፌ አልወጣም። ጎረቤታችን ግን ትንፋሽዋን ወደ ውስጥ ስትስብ እዚህ ድረስ ተሰማኝ።

"ወይ ጉድ! የወለደቻትን እናት ትገዝታለች? ይቺ ልጅ እኮ የማታደርገው የለም።"

"እንግዲህ ልጣሰው? አንድ ልጄን ልቅበር?"

"ኧረ በስመ አብ! ግዝት ይጣሳል እንዴ! ብዪ። ብዪ እንጂ ምን ይደረጋል።" ዱካ ሲጎተት ሰማሁ፤ ልትቀመጥ ነው። "ኃጢአቱ በሷ ነው።"

"በሷ ነው" አለች እናቴ።

ሐኪም አልበቃም። ቄስ አልበቃም። ያ ድንኳን አልበቃም። ያልተናገርኩት ግዝት በቃ! ስልኩ ውስጥ ገብቼ ሁለቱንም ባንቃቸው ደስ ባለኝ። "እኔ አልገዘትኩም!" ብዬ ለመጮህ አፌን ከፍቼ ነበር።

ያን ጊዜ ማላመጥ ሰማሁ። ቀስ ብላ፣ ሳትቸኩል፣ ሰው ፊት ተቀምጣ። ጎረቤታችን ስለ ሽንኩርት መወደድ ታወራላታለች፤ እናቴም አፏ ሙሉ ሆኖ "እህ… እህ…" እያለች ታዳምጣለች። ካርዴ እያለቀ መሆኑን ስልኩ በየመሃሉ ጢጥ ጢጥ እያለ ይነግረኛል። አልዘጋሁም።

ሴትዮዋ ወጥታ በሩ ሲዘጋ ስልኩ ተነሳ።

"አለሽ እንዴ እስካሁን?" አለች እናቴ።

"አለሁ። ጨረስሽ?"

"ትንሽ ቀርታለች።"

"ጨርሺያት" አልኳት።